እንጎቻ የምታበላ የሐይቅ ዳር ቤት

ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው አሳ የት እንደሚበላ ነው። ልክ ነው፣ የጣና አሳ ይጠየቅለታል። ዛሬ ግን ስለ እንጎቻ ልጻፍ። በከተማችን ምግብ ቤት ገብቼ እንጎቻ ሲቀርብ ያየሁት እዚህች ቤት ብቻ ነው።

ቤቷ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳትርቅ ወደ ሐይቁ በሚወስድ የውስጥ መንገድ ላይ ናት። ገና ታፔላ አልሰቀለችም። ለባጃጅ ሹፌር «ገበጣ ያለበት ቤት» በሉት፣ ያደርሳችኋል። ግቢው ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከሥሩ ዱካዎችና አጫጭር ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ውስጥ ደግሞ አንድ ሰፊ ሳሎን አለ። ባለቤቷ የዚሁ ሰፈር ተወላጅ ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም እትዬ ነው የሚላቸው። «ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ!» ብለው ይቀበላሉ። የእጅ ውሃ የሚያስታጥቡትም ብዙ ጊዜ ራሳቸው ናቸው።

ወደ እንጎቻዋ ልመለስ። እንጀራ ከሱቅ ሲገዛ እያዩ ያደጉ የዛሬ ልጆች ላያውቋት ይችላሉ። እናት ጋግራ ልትጨርስ ስትል ከቀረው ሊጥ ለልጇ የምትጋግራት ትንሽዬ እንጀራ ናት። ልጁ ጢስ ዓይኑን እየለበለበው ከምጣዱ አጠገብ አይነቃነቅም። «ዞር በል፣ ትቃጠላለህ» ቢባልም አይሰማም።

እዚህ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ጠዋት ነው። እንጎቻም የምትገኘው ያኔ ብቻ ነው። እስከ አራት ሰዓት ካልደረሳችሁ አለቀ። ከምጣዱ እንደወጣች ሰፌድ ላይ ትዘረጋለች። ቅቤ ትቀባለች፣ በርበሬ ይነሰነስባታል፣ ትጠቀለላለች። ቅቤው በዓይኖቿ ሰርጎ ገብቶ ከሥር ሰፌዱን ያወዛዋል። ዳሯ ደረቅ ብሎ ይሰባበራል፣ መሐሏ ለስላሳ ነው። ጣት ታቃጥላለች፣ ግን ማን ይጠብቃታል? ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ነው። እንጎቻን የሚያበላሻት መጥፎ ቅቤ ነው፤ የዚህ ቤት ቅቤ ግን ገና ከግቢው በር ነው በመዓዛው የሚቀበላችሁ።

አንድ ሰውዬ ከሰዓት መጥተው እንጎቻ ፈለጉና አጡ። ቅር ብሏቸው «ለእኔ አንድ ብታስጋግሪልኝ ምን አለበት?» አሏቸው። እትዬ «ጋሼ፣ እንጎቻ በትእዛዝ ከሆነች እንጎቻነቷ ምኑ ላይ ነው? ነገ ጠዋት ይምጡ፣ የመጀመሪያዋ የእርስዎ ናት» አሉ። ሰውዬው ሳቁ። እኔ ይህን መልስ ወደድኩት።

ምክንያቱም የልጅነት ነገራችን ሁሉ ሰዓትና ወቅት ነበረው። ሙልሙል ለቡሄ ነው። የበቆሎ እሸት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ደስታ ከረሜላ አጎት ወይም አክስት ሲመጡ ነው። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው የልጆች ነው፤ ከስኒው ግን ቢደርሰን በረካ ላይ ነበር፣ እሷም ከተገኘች። ጣዕሙን ያጎላው መጠበቁ ነው ብዬ አምናለሁ። «ልጅነታችን» እያሉ ግድግዳ ላይ አሮጌ ሬዲዮና ፋኖስ የሚሰቅሉ ካፌዎች አይቻለሁ። ዕቃው አለ፣ ሰዓቱ የለም። ይህች ቤት ሰዓቱን ነው የያዘችው።

ቴሌቪዥኑን እንውሰድ። ሳሎኑ ውስጥ በር ያለው የእንጨት ሣጥን አለ። በላዩ ላይ ዳንቴል ተነጥፎበታል። ውስጡ ያለው ስክሪን የዛሬ ነው፣ ሣጥኑ ግን የድሮ። ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ይውላል። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ይከፍቱታል። የድሮ የልጆች ፕሮግራሞች ቅጂ ይታያል። ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ ትልልቆች ሶፋው ላይ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬም ከዚያ ዘመን ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። ያረፉት በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሳሎን ውስጥ ግን «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ቀድመው አፍ የሚከፍቱት ሽበት ያላቸው ናቸው። «ጤና ይስጥልን አባባ ተስፋዬ!» ምንጣፍ ላይ ያሉት ልጆች ዞረው ያዩዋቸዋል። በሁለተኛው ጊዜ እነሱም አብረው ይላሉ።

ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ ወይም ሁለት በነበረበት ጊዜ ያደገ ሰው ይህ ይገባዋል። በሩን ቆርቁረን «እትዬ፣ እንድናይ ይፈቀድልን?» እንል ነበር። እግራችን ንጹህ መሆኑ ይታያል። ሥዕሉ በረዶ በረዶ ሲል አንዱ ጎረምሳ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል።

«መጣ?»

«አልመጣም! ትንሽ ወደ ሐይቁ!»

«አሁንስ?»

«መጣ መጣ! እንዳትነካው!»

የታሪኩ ግማሽ ያልፋል፤ የቀረውን ግማሽ ግን አምስት ቤተሰብ አንድ ላይ ያያል። ማግስቱን ትምህርት ቤት ሁላችንም የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው። ዛሬ እኛ ቤት አራት ሰው በአራት ስልክ ያያል፣ እራት ላይ የጋራ ወሬ እናጣለን። እዚህ ሳሎን ገብተን የወጣን ቀን ግን የእህቴ ልጆች እስከ ቤት ድረስ ስለ ተረቱ ሲከራከሩ ነበር። ጅቡ ነው ጥፋተኛው ወይስ አህያዋ?

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። የኳስ ጨዋታ ያለ ቀን አስተናጋጆቹ ሣጥኑን ይከፍቱታል። ያን ጊዜ ቤቷ ከሌላው ካፌ በምንም አትለይም፤ ጫጫታ፣ ጭብጨባ፣ የገበጣውን ድምፅ መስማት አይቻልም። ኳስ የሚያሳይ ቤት ከተማው ውስጥ ሞልቷል። እትዬ ቁልፉን አጥብቀው ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ገበጣው ከዛፉ ሥር ነው። ባለ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ብይም አለ፣ ለቅልሞሽ የተመረጠ ለስላሳ የሐይቅ ጠጠርም አለ። ግቢው ጥግ ላይ ሰኞ ማክሰኞ በኖራ ተሠምሯል። አንድ ዕቃ ግን ከሁሉ በለጠብኝ፤ የክር ኳስ። የእትዬ አባት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ቁርጥራጭ ክር እየጠቀለሉ ለልጆቻቸው ኳስ ይሠሩ ነበር። እትዬ አሁንም በዚያው ዓይነት ይሠራሉ። በእጄ ይዤ አየሁት። ጠጠር ያለ ነው፣ ክሩ መስመር በመስመር ተላልፎ ተጠምጥሟል፣ ጫፉ በመርፌ ተሸሽጓል። መሬት ሲመታ ይነጥራል። የሚሸጥ አይደለም፣ ተጫውተው ይመልሱታል።

ምግቡ ይዘገያል፣ ይህን አልደብቅም። ቆሮሶ የሚባለው አሳ ካዘዛችሁ በኋላ ነው ተጠርጎ፣ ጎኑ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ የሚገባው። ከሎሚና ከዳጣ ጋር ይመጣል፣ ቆዳው ኩርሽምሽም ይላል፣ ሥጋው ነጭና ጥዑም ነው። ጉላሹ ደህና ነው፣ ቲማቲሙ ግን ይበዛበታል። እየጠበቅን ግን ማንም ስልክ አላወጣም። አጠገባችን ያሉት ቤተሰቦች እንቆቅልሽ ጀምረው ነበር። አባትየው መልሱን አጡና «አገር ስጠኝ» ተባሉ። ጎንደርን ሰጡ፣ አልተቀበለችም። አዲስ አበባን ሰጡ፣ አሁንም እምቢ። ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። «ባሕር ዳርን ከነጣናው!» አለች። «እሱንስ አልሰጥሽም፣ የት ልኖር ነው?» አሉ። ድርድሩ አሳው እስኪመጣ ቀጠለ።

ለልጆች የሚቀርበው የመክሰስ ትሪ ላይ ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተላጠ ሸንኮራና የበሶ ጭብጦ አለ። በሶው በማር የታሸ ነው፣ እሱን አትለፉት። ሸንኮራው ትኩስ ነው፣ አንጓው ተወግዶ ለልጅ ጥርስ እንዲመች ተቆርጧል። ቦንቦሊኖውን ግን ከሰዓት በኋላ አትዘዙ፤ ዘይቱ ደጋግሞ የተጠበሰበት መሆኑ ምላስ ላይ ይታወቃል። ጀላቲውም ቀለሙ ከጣዕሙ ይበልጣል፤ የልጆቹ ከንፈር ቀልቶ ቀረ። በእውነተኛ የማንጎ ጭማቂ ቢሠሩት ፍሬው ከራሳቸው ዛፍ ላይ አለ።

ዱካዎቹ ጉልበት ለሚያማቸው አዛውንት አይመቹም። እናቴን ይዤ ስሄድ ከሳሎን ወንበር አምጡልኝ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ወዲያው አመጡ፣ ትራስም ጨመሩ፣ ግን ሳይጠየቅ ሁለት ሦስት ወንበር ግቢ ውስጥ ቢኖር ይሻላል። ዋጋው ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች ያነሰ ነው። መጸዳጃው ንጹህ ነው፣ ሳሙናም አለው።

ስንወጣ እትዬን ለቡሄ ምን እንዳሰቡ ጠየቅኳቸው። ሙልሙል እንደሚጋግሩ ነገሩኝ። ለሽያጭ አይደለም፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚመጡ የሰፈር ልጆች ነው። አሳ ለመብላት ከሆነ በማንኛውም ቀን ሂዱ። እንጎቻ ከፈለጋችሁ በጠዋት ውጡ። ለቴሌቪዥኑ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በፊት ግቡ፣ ሶፋው ቶሎ ይሞላል።