የልጄን የታሪክ አስጠኚ ላመስግን፣ ለአዳማ ወላጆችም ልጠቁም

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት ፕሮጀክት ሲታዘዝ ኢንተርኔት ቤት ሄደን 10 ገጽ አስወጥተን፣ አስጠርዘን እናስረክብ ነበር። ማርኩ ይመጣል። ልጅቷ ግን ስለጻፈችው ስትጠየቅ የምትለው የላትም።

ዘንድሮ ጎረቤቴ አንድ አስጠኚ ጠቆመችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ልጆች ይዞ፣ ከጥቅምት እስከ ፋሲካ አንድ የታሪክ ጥናት ያሠራል። የሚኒስትሪ ዓመት ስለሆነ ጊዜዋን እንዳይበላባት ፈርቼ ነበር።

ልጄ የመረጠችው "የኢትዮጵያ ባቡር" የሚል ርዕስ ነበር። "ይሄ ሰፊ ነው፤ አንቺ መመለስ የምትችይውን ጥያቄ አምጪ" እያለ ሦስቴ መለሳት። በመጨረሻ "ባቡሩ ለአዳማ ገበያ ምን አመጣ?" በሚለው ረጋች። ይህ ብቻ አንድ ወር ፈጀ። እኔ ብሆን ርዕሱን በአንድ ማታ መርጬ እሰጣት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረቂቋን ይዛ ሄደች። "ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አፄ ምኒልክ በደስታ ተቀበሉት" ብላ ጽፋለች። ተሳስተሻል አላላትም፤ በቀይ አልሰረዘባትም። ዳር ላይ በእርሳስ "ምኒልክ ያረፉት መቼ ነው?" ብሎ ጻፈላት፣ በቃ።

ቤት መጥታ ፈለገች። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም.። በ1886 ለሥራው ፈቃድ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ራት እየበላን "እማ፣ ሲደርስ ሳያዩት እኮ ነው የሞቱት!" ስትለኝ ድምጿ ያዘነ ነበር። ልጄ ለታሪክ ስታዝን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ 1917 የሚል አግኝታ የቱ ነው ትክክሉ ብላ ተጨነቀች። የፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ራሷ ደረሰችበት። አሁን ዓመት ስትጽፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትል አታልፍም።

ሰፈራችን ውስጥ ድሮ ባቡር ላይ የሠሩ አባት አሉ። እሳቸውን ለመጠየቅ ስትዘጋጅ መምህሩ "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ የሚያስመልሱትን ጥያቄዎች አስወጣት። አባባ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ወደ መስኮቱ ስለሚሮጡት ሴቶች አጫወቷት። ልጄ ደስ ብሏት ሁሉንም እንዳለ ጻፈችው። መምህሩ ግን "አባባ ነገሩኝ ብለሽ ጻፊ፤ አንቺ አላየሽውም" አላት። ይህችን አንድ ነገር ስላስተማረልኝ ብቻ እንኳ እጁን ልስም ይገባኛል።

አንዳንዴ ይዘገያል፤ ልጁ እስኪያገኘው ይጠብቃልና። ፈጥኖ ነጥብ ለሚፈልግ አይሆንም። የልጁን ደብተር ግን በየሳምንቱ ያያል። ሥራው በጊዜው ካልደረሰ ለወላጅ ይደውላል። ሁሉም ከፋሲካ በፊት ስላለቀ ለሚኒስትሪ የምታጠናበት ጊዜም አልጠፋባትም።

መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለልጄ ያሳየኸውን ትዕግስት አልረሳውም።

የምትፈልጉ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እልክላችኋለሁ። በመስከረም አዲስ ልጆች ይቀበላል፤ ከአምስት በላይ ስለማይይዝ ቶሎ ንገሩት። የእኔዋ ከአሁኑ ስለ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጥያቄ መጻፍ ጀምራለች፤ አንዱ ቦታ ተይዟል።