ኮን ፊልትሮ በኮሮላዬ ላይ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

እናቴ የምትኖረው ፍቼ ነው። በወር ሁለቴ እሄዳለሁ፤ ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ ቦታም አንድ ነው፦ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው አቀበት። ሦስት ሰው ከተጫነና ከኋላ አንድ ኩንታል ነገር ካለ መኪናዬ በሦስተኛ ማርሽ መውጣት ካቃታት ሁለት ዓመት ሆኗታል። በሁለተኛ እያጓራች ስትወጣ፣ ከኋላ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ሲገፋኝ፣ ቤተሰብ ይዞ እዚያ መገኘት ያስፈራል።

መኪናዋ የ1998 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው የኢንጀክተር ሞተር። ሸጦ ሌላ መግዛት ለእኔ አማራጭ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ይዘን መቆየት የግድ ሆኗል። ስለዚህ ጉልበት ፍለጋ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ።

የገዛሁት ኮን ፊልትሮ ከነቧንቧው ነው። የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን አውጥቶ በምትኩ የሚገጠም የአሉሚኒየም ቧንቧ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ ደጋግሞ የሚያገለግል ዓይነት። ሻጩ 15 ፈረስ ጉልበት ይጨምራል አለኝ። ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተገጠመ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጣም ተደስቼ ነበር። ነዳጅ ስረግጥ ከኮፈኑ ሥር የሚወጣው ድምፅ ሌላ መኪና የያዝኩ ያህል አድርጎኛል። በኋላ የገባኝ ግን ድምፁ ራሱ ፍጥነት እንደሚያስመስል ነው፤ ሰው በጆሮው ይታለላል። ስለዚህ እንደገና በሰዓት ለመለካት ወሰንኩ። ከመግጠሜ በፊት አንድ እሑድ ማለዳ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ወንድሜ የፍጥነት መለኪያውን በስልኩ እየቀረጸ በሦስተኛ ማርሽ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የፈጀውን ይዘን ነበር፦ 12.4 ሰከንድ። ከኮኑ በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በማለዳ ብርድ 12.1 ሆነ። በሌላ ቀን ከሰዓት፣ ከቃሊቲ መጨናነቅ ወጥተን በቀጥታ ስንሞክረው ግን 13.3። ገንዘብ ከፍዬ መኪናዬን አዳክሜያታለሁ ማለት ነው።

ምክንያቱ ኮፈኑ ሲከፈት ይታያል። የፋብሪካው ሳጥን አየር የሚስበው ከሞተሩ ሙቀት ራቅ ካለ ቦታ ነው። ኮኑ ግን ሞተሩ ክፍል ውስጥ ክፍቱን ተቀምጦ ራዲያተሩ ያሞቀውን አየር ይስባል። አየር በየ3 ዲግሪው ሙቀት 1 ከመቶ ያህል ይሳሳል፤ ከውጭው አየር 30 ዲግሪ የበለጠ የሞቀ አየር የሚስብ ሞተር ገና ሳይጀምር ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ጉልበቱን አጥቷል። ሌላም ጥፋት ነበር። በዚህ ሞተር የአየር ሙቀት የምትለካው ሴንሰር ያለችው ፊልትሮ ሳጥኑ ላይ ነው። ሳጥኑ ሲወጣ የገጠመልኝ ልጅ ሴንሰሯን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሞተሩ ጎን አስሮ ተዋት። ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር ሳይሆን የሞተሩን ትኩሳት እያነበበ ነዳጁን ይቀንስ ነበር።

በሦስተኛው ወር ሁለቱንም አስተካከልኩ። ቆርቆሮ ቤት ወስጄ ኮኑን ከሞተሩ የሚጋርድ ግድግዳ አሠራሁ፣ ከፊት ግሪሉ አየር የሚያመጣ ቱቦ ዘረጋሁ፣ ቧንቧው ተበስቶ ሴንሰሯ ውስጥ ገባች። 11.9 ሰከንድ። ከመጀመሪያው በግማሽ ሰከንድ ይሻላል፤ የሱሉልታን አቀበት ግን አሁንም በሁለተኛ ነው የምወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ይጠቅማል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከአምስት አንድ እጅ የሚበልጥ ጉልበቱን ያጣል። የእኔው ሞተር ፋብሪካ ላይ 110 ፈረስ ጉልበት ገደማ ቢኖረው፣ አዲስ ሆኖ እንኳ እዚህ ከ85 አያልፍም። እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ የሚያግደው አየር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ኮኑ የሚከፍተው በር ቀድሞውኑ ክፍት ነበር።

ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ የሄድኩት ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው። ኮፈኑን ከፍተው ኮኑን ለአፍታ አዩትና፣ «ልጄ፣ አፍንጫዋን ከማስፋትህ በፊት ሳንባዋን እንይ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ እንደፈለጉ» ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው። የሦስት ቀን ሥራ ሆነ፤ ስለዚህ ግምገማ ከተጠየቅኩ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ እኔን መሪው ላይ አስቀምጠው ነዳጁን እስከ መጨረሻው እንድረግጥ አዘዙኝና እሳቸው ስሮትሉን፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን በር፣ አዩ። እኔ ወለሉ ድረስ ረግጫለሁ፣ ስሮትሉ ግን የተከፈተው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ከነዳጅ መርገጫው የሚመጣው ገመድ ረግቦ ነበር! ሁለት ብሎን አጠበቁ። ያለ አንድ ብር ዕቃ 11.9 የነበረው 11.4 ሆነ። እባካችሁ ይህን ዛሬውኑ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ ሰው ይዛችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ። ይህ ሞተር እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር አለው፤ በእጅ ይዞራል፣ ስለዚህ የነካካው ሁሉ አሻራውን ይተዋል። ኮፈኑ ሥር ባለችው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተው ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር በመብራት ለኩ። 10 ዲግሪ መሆን የነበረበት 4 ነው የተገኘው። ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዘግይቶ ነበር፤ ከጉልበቱ ከፊሉ ጭስ ማውጫ ውስጥ ነበር የሚባክነው። ወደ 10 ሲመለስ 10.4 ሰከንድ። ነዳጅ ስረግጥ ያለውን ልዩነት ለማወቅ ሰዓት አላስፈለገኝም።

ሦስተኛ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች። ወጥተው በማሽን ታጠቡ፤ ከመታጠባቸው በፊት በመስታወት ቱቦ ሲለኩ የሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር። የነዳጅ ፊልትሮና አራቱ ካንዴላ ተለወጡ። 9.9።

ከዚያ እኔ አንድ ስህተት ሠራሁ፣ ልናገረው ይገባል። ከፍታ ላይ የሲሊንደሩ ግፊት ስለሚቀንስ ታይሚንጉን ትንሽ ማስቀደም ይቻላል፤ እውነትም አዲስ አበባ ላይ 14 ዲግሪ አድርጌው መኪናዋ ቀለል አለች። መካኒኩ ከልክለውኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ ለለቅሶ ስንሄድ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድን። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ታች አየሩ ወፍራምና ትኩስ ነው። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የሚንኳኳ የመሰለ ድምፅ መጣ። ነዳጁ ጊዜው ሳይደርስ እየፈነዳ ነበር። ያ ድምፅ ፒስቶን ይበሳል። እግሬን አነሳሁ፣ ማርሽ ቀንሼ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ደጀን ላይ ሞተሩን ካቀዘቀዝኩ በኋላ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ቀድሞ ምልክቱ አስጠግቼ መለስኩት። ዛሬ 11 ላይ ነው ያለው። ቆላ የሚወርድ ሰው ከፋብሪካው ልክ ብዙ አይራቅ።

ወደ ኮኑ ልመለስ። በስድስተኛው ወር ቧንቧውን ፈትቼ ውስጡን በጣቴ ስጠርግ ድቡሽት የመሰለ ቀይ አቧራ ያዘኝ፤ ከፊልትሮው በኋላ ባለው በኩል! በመመሪያው መሠረት አጥቤው ዘይት ቀብቼው ነበር። በእኛ መንገድ፣ ግንባታ በማያቋርጥበት ከተማ፣ የሚያልፈው አቧራ ሲሊንደር ይፍቃል፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ይበላል። በማግሥቱ የፋብሪካውን ሳጥን ከነአዲስ ወረቀት ፊልትሮ መልሼ ገጠምኩና ለካን፦ 10.0 ሰከንድ። ከኮኑ የሚለየው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ነው፤ ያም የአለካካችን ስህተት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ሞተር፣ በዚህ ከተማ፣ ኮን ፊልትሮ አልመክርም። ድምፁን ብቻ የሚፈልግ ካለ ከሙቀት የሚጋርድ ሳጥን ያሠራ፣ ሴንሰሯን ቧንቧው ውስጥ ያስገባ፣ ፊልትሮውንም በየወሩ ይጠብ። ቱርቦ እንግጠም የሚሉኝም አሉ፤ ኮምፕረሽኑ 9.5 የሆነና ፋሻው የደከመ ሞተር ላይ አላደርገውም። የነዳጅ ፍጆታዬም ተሻሽሏል፦ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው ወደ 12 ተጠግታለች።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ለሕክምና አመጣኋት፤ ስመልሳት ከአዲሱ ገበያ እስከ አቀበቱ ጫፍ በሦስተኛ ማርሽ ወጣን። እሷ ምንም አላስተዋለችም፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራችኝ ነበር። አሁን የቀረኝ የቫልቭ ክፍተት ማስለካት ነው፤ የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ።