አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የኤሌክትሪክ ማሰልጠኛ፦ ወንድሜ 4 ወር ተምሮበት ያየሁት

ታናሽ ወንድሜ በ2015 12ኛን ከተፈተኑት ልጆች አንዱ ነው። የዛን አመት ወደ 845 ሺህ ልጅ ተፈትኖ 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጣው 27,267 ነበር፣ 3.2 ፐርሰንት ማለት ነው። ዜና ላይ ሲነበብ ቁጥር ነው፣ እኛ ቤት ግን ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሶስት ሳምንት ተኛ፣ እናታችንም ምሳ ብላ ማለት ፈራች። ሪሚዲያልም (ላላለፉት ሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) አልደረሰውም። እኔ ትልቋ ነኝ፣ ደሞዝ ያለኝም እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የሆነ ሙያ ይያዝ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያስገባሁት ሌላ ቦታ ነው፣ ስሙን አልጠራም። 40 ልጅ በአንድ መለማመጃ ቦርድ፣ እሱንም መምህሩ ይነካዋል ልጆቹ ይመለከታሉ፣ የቀረው ጊዜ ኦም ሎውን (የኤሌክትሪክ ሂሳብ ቀመሩን) ከሰሌዳ ወደ ደብተር መገልበጥ ነው። ሲጨርስ ማህተም ያለው ሰርተፍኬት ይዞ መጣ። እቤት የሳሎን ማብሪያ ማጥፊያ ተበላሽቶ እስቲ እየው ስለው ካቻቢቴውን ይዞ ቆመና "እትዬ ፈትቼው አላውቅም" አለኝ። ያኔ የተናደድኩት በሱ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ልጁ ምን ያርግ፣ ማንም እጁ ላይ ሽቦ አስይዞት አያውቅማ።

አሁን ምጽፍላችሁ ስለ ሁለተኛው ነው። ቦታው ከሜክሲኮ ወደ ተግባረ ዕድ ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ ፎቅ ላይ ነው፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን እዚህ አላረገውም፣ ለፈለገ በውስጥ እልካለሁ። የህንጻ ኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ነው የተማረው፣ 4 ወር፣ ከሰኞ እስከ አርብ ግማሽ ቀን እና ቅዳሜ ጠዋት፣ 14 ሺህ ብር በሁለት ጊዜ ከፈልን። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም የእቁቤን ነው ያወጣሁት።

ልዩነቱን ያየሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። 18 ልጆች ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጣውላ ይሰጣቸዋል፣ እሱ ላይ ቱቦውን ቆርጠው፣ ካቦውን አሳልፈው፣ ሶኬቱን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ የአምፖል መያዣውን ራሳቸው ያስራሉ፣ ያፈርሳሉ፣ እንደገና ያስራሉ። መምህሩ መጀመሪያ ያስተማራቸው ነገር ቴስተር (መስመር ላይ መብራት መኖሩን ሚያሳየው መሳሪያ) ነው፣ መስመር ጠፍቷል ተብሎ ከመነካቱ በፊት ቴስተሩ ራሱ እንደሚሰራ እርግጠኛ ወደሆንክበት ሶኬት ወስደህ ትሞክረዋለህ፣ ከዛ ምትሰራበትን ትፈትሻለህ፣ ከዛ ተመልሰህ ቴስተሩን ደግመህ ትሞክራለህ። የተበላሸ ቴስተር መብራት የለም ብሎ ሰው ይገድላላ። ወንድሜ ይሄን ለእናታችን ሲያስረዳ ድምጹ ራሱ ተለውጦ ነበር፣ ቁጭ ብላ ሰማችው።

ደሞ ለምን ሚለውን ይነግሯቸዋል። ፌዙን (መብራት ሚያመጣውን ሽቦ) በማብሪያው በኩል አሳልፉ ብሎ ብቻ አይተወውም፣ ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ብታቋርጡት አምፖሉ ይጠፋል ግን መያዣው ላይ 220 ቮልት እንዳለ ነው፣ አምፖል ልትቀይር ወንበር ላይ የወጣች ሴትዮ ትያዛለች ይላቸዋል። እንደዚህ የተነገረው ልጅ አይረሳም።

የምጣዱን ነገር ልንገራችሁ። የእኛ ቤት የምጣድ ሶኬት ሁሌ ይሞቃል፣ ጠቁሯል፣ ሁለቴ ሰው አስጠርተን ሶኬቱን ቀይረው ሄደዋል ተመልሶ ይጠቁራል። ሁለተኛ ወሩ ላይ ወንድሜ ምጣዱን ገልብጦ ጀርባውን አነበበ፣ 3,500 ዋት ይላል፣ በወረቀት ለ220 አካፈለና ወደ 16 አምፔር ነው አለ። ከዛ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ "እየተሰራ ነው እንዳትነኩ" ሚል ወረቀት ለጥፎበት፣ ሶኬቱን ሲፈታው ውስጥ ያለው ካቦ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው፣ ለመብራት ሚዘረጋው ቀጭኑ ማለት ነው፣ ልባሱ ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ብሬከሩ ደሞ 32 አምፔር ነው። ብሬከር ሚጠብቀው ሽቦውን ነው አለኝ፣ ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ካረግሽ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየተቃጠለ ብሬከሩ አይወድቅም። እንጀራ እየጋገርን ስንት አመት እንደዛ እንደኖርን ሳስበው ሰውነቴን ነዘረኝ። እሱ ግን ራሴ ልቀይረው አላለም፣ ፎቶ አንስቶ ለመምህሩ አሳየው፣ መምህሩ ቅዳሜ ከሰአት አብሮት መጥቶ ለምጣዱ ለብቻው በባለ 4 ካቦ ከቆጣሪው ሳጥን አዲስ መስመር ዘረጉ፣ ኧርዝም (የመሬት ሽቦ) አስገቡለት፣ ብሬከሩን ወደ 20 አወረዱት። መምህሩ የጉልበት አልጠየቀም፣ እናታችን ቡና አፍልታ ሸኘችው።

ቅዳሜ ጠዋት ያለው ክፍለ ጊዜ የስራ ዝግጁነት ይባላል። እኔ ሳስመዘግበው ጊዜ ማባከኛ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ለዚህ ብቻም ብከፍል አይቆጨኝም። ፕሮፎርማ አጻጻፍ፣ የእቃ ዋጋና የእጅ ዋጋ ለያይቶ ማቅረብ፣ ቀብድ ሲቀበሉ ፈርሞ መስጠት፣ ሰው ቤት ሲገባ ጫማ ማውለቅና የቆረጡትን ሽቦ ጠርጎ መውጣት ሳይቀር ይለማመዳሉ። አንዷ አሰልጣኝ ዋጋ ምትከራከር የቤት እመቤት ትሆንና ልጆቹ ተራ በተራ ይመልሱላታል። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ዋጋውን ይቀንስላት ነበር አሉ፣ ሶስተኛው ላይ "እትዬ፣ የእጄን ዋጋ ልቀንስልዎት እችላለሁ፣ ካቦውን ግን ቀጭን አላረግም፣ ቤትዎ ይቃጠላል" ብሎ መለሰ። ሰው ፊት ቀና ብሎ ማያወራ ልጅ ነበር እኮ።

የመጨረሻው 6 ሳምንት ልደታ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የቤት ጥገና ሚሰሩ ሰዎች ጋር ላኳቸው። ቴክኒክና ሙያ ላይ የትብብር ስልጠና ሚባለው ነው፣ በወረቀት ብቻ ሚቀርበት ቦታ አለ፣ እዚህ ግን መምህሩ በየሳምንቱ ሄዶ ያያቸዋል።

ማይመቹኝ ነገሮችም አሉ። መልቲ ሜትር ለ18 ልጅ 5 ብቻ ነው፣ ወረፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ስለሌለ የዛን ቀን የተግባሩ ሙከራ ይቀራል፣ ማካካሻው ደሞ ካልጠየቃችሁ አይሰጥም። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ፣ የስራ ልብስ ሚቀይሩበት ክፍል የለም፣ ሽንት ቤት ገብተው ነው ሚቀይሩት፣ ይሄ መስተካከል አለበት፣ ሄጄም ነግሬያቸዋለሁ። ስልክ አያነሱም፣ በአካል ሂዱ።

ዋናው ቅሬታዬ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ላይ ነው። ሲመዘገቡ እናስፈትናለን ይላሉ፣ ሲደርስ ግን ራሳችሁ ተመዝገቡ ሆነ። ሲኦሲ የጽሁፍም የተግባርም ምዘና ስላለው በአንዱ ብትወድቁ ብቁ አትባሉም፣ ስለዚህ ቀኑን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፣ እኛ አንድ ዙር አመለጠን። ወንድሜ በቀጣዩ ዙር ተፈትኖ ብቁ ተብሏል።

አንዳንድ ሰው በነጻ እያለ ለምን ትከፍያለሽ ይለኛል። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና (መንግስት የጀመረው የኮምፒውተር ኮዲንግ ትምህርት) 2016 ሐምሌ ላይ ኦንላይን በነጻ ተጀምሯል፣ ኮምፒውተርና ዳታ ያለው ልጅ ካላችሁ ክፍት ከሆነ አስመዝግቡት። የኛ ልጅ ግን ስክሪን ላይ አይቀመጥም፣ እጁ ነው ሚማረው። እሱን ሳላይ ሁለት አመት ሙሉ አንብብ አንብብ እያልኩ አደከምኩት።

አሁን እዛው ልደታ የተለማመደባቸው ሰዎች ጋር በቀን ክፍያ እየሰራ ነው። በመጀመሪያ ደሞዙ የራሱን ፒንሳና ቴስተር ገዛ፣ ማታ ማታ ጠርጎ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ አልጋው ስር ነው ሚያስቀምጠው።

ለመመዝገብ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ውጤት ኮፒ፣ ፋይዳ እና 2 ጉርድ ፎቶ ይበቃል። ሄዳችሁ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የተግባር ክፍሉን አስገብታችሁ አሳዩኝ በሏቸው፣ ያስገቧችኋል፣ ጣውላዎቹን ቆጥራችሁ ውጡ። የሲኦሲውንም ነገር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።