ለሱሉልታው «የገፈራ ልጅ» እግዜር ይስጥልኝ

በግ የምታረቡ፣ በተለይ ሱሉልታና ሰንዳፋ ያላችሁ፣ ይህችን ሳታነቡ እንዳታልፉ። አንድ ጎበዝ ልጅ ላመሰግን ነው።

መጀመሪያ ግን የሆዴን ላውጣ። የድርቆሽ አገር ሱሉልታ እየኖርኩ በጎቼ በበጋ ጠግበው አያውቁም። ዋጋው አይቀመስማ! አምና አንዱ «ደንበኛዬ» እያለ የሸጠልኝ ድርቆሽ ላዩ ወርቅ ይመስላል፤ እስሩ ሲፈታ ውስጡ ሻግቶ ጠቁሯል። ስደውል ስልኩን ዘጋብኝ። ሌላው ደግሞ «የተመጣጠነ መኖ» ያለውን ምን እንደቀላቀለበት ፈጣሪ ይወቅ። አባቴ ከማረፉ በፊት የገዛት እናት በግ ሆዷ ተነፍቶ ሳይነጋ ሞተች። እማዬ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ከዚያ ነው ይህን ልጅ የጠቆሙኝ። እርጥብ መኖ አየር እንዳይገባው አፍኖ ለበጋ ያቆያል፤ ገፈራ የሚባለው ይኸው ነው። ግቢያችንን ዞር ዞር ብሎ አየና «መኖ እያላችሁ ነው እንዴ የምትገዙት?» አለ። ለካ አጥሩ ላይ ያለውን ትሪ ሉሰርን የሚባለውን ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ መኖ ይሆናል! እማዬ ለንቦቿ ብላ የተከለችው ነው። ዛፉ ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ነው ቢላት እስካሁን አላመነችም።

ቅጠሉን በመለመልን ቀን ካፊያ ጣለ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠቅጥቆ፣ ብሩን ተቀብሎ እብስ ነበር። እሱ አንድ እፍኝ ቅጠል ጨመቀ። በጣቶቹ መሀል ውሃ ጠብ አለ። «ዛሬ ከተሞላ ይበሰብሳል» ብሎ በረንዳ ላይ አሰጥቶን፣ ሳንቲም ሳይቀበል ሄደ። በማግስቱ መጥቶ ከረተፈው፣ በውሃ የተበጠበጠ ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፈውን ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) አርከፈከፈበት፣ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ እየረገጠ ጠቀጠቀው። ሞላሰሱ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረድቶኝ ነበር። የገባኝ ቅጠሉ እንዲኮመጥጥ እንጂ እንዳይበሰብስ መሆኑ ብቻ ነው። ቢያንስ ለ3 ሳምንት እንዳትከፍቱት አለን።

ሲከፈትም ራሱ መጣ። ከፕላስቲኩ አፍ ላይ የሻገተውን ገፎ ጣለ። እማዬ ለዶሮ ይሁን ብትል «አይሆንም እማማ፣ ሻጋታ ለማንም አይሰጥም» አላት። ከበጎቹ አንዷ አሽትታ እምቢ አለች። ልጁ ሥራውን ጨርሷል፣ ሂሳቡንም ተቀብሏል። ቢሆንም አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ ገፈራውን ከፉርሽካ ጋር እያሸ በመዳፉ አቀረበላት። እስክትቀምስ አልተነሳም። ዛሬ ማን እንዲህ ያደርጋል?

አሁን ከድርቆሽ ጋር እየቀላቀልን እንሰጣለን። ቀስ በቀስ አስለምዱ፣ ብቻውንም አትስጡ ብሏል። እማዬም «ይበላል እንዴ?» ማለቷን ትታ ራሷ እየዘገነች ትሰጣለች።

ታማኝ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። እባካችሁ አሠሩት! ስልኩን እዚህ እንዳወጣ አልፈለገም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወይም በግ ተራ መጥታችሁ «የገፈራው ልጅ» በሉ፣ ያሳዩዋችኋል። ብቻ በጊዜ ያዙት፤ መስቀል ካለፈ ወረፋው አይጣል ነው።