ኖትፓድ ወይስ ቪኤስ ኮድ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮድ መጻፍ የጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ጽሑፍና ኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች ናቸው።

ዋጋ፦ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኖትፓድ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል፤ ቪኤስ ኮድን ለማውረድ ግን 100 ሜጋባይት ገደማ ጥቅል ይሄዳል።

ፍጥነት፦ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ኖትፓድ ወዲያው ይከፈታል። ቪኤስ ኮድ ከክሮም ጋር ሲሆን ማሽኑን ያንቀራፍፈዋል።

መብራት፦ ለኛ ሰፈር ዋናው ይሄ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ በዊንዶውስ 10 ኖትፓድ ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍ አለቀለት። ቪኤስ ኮድ ግን አብዛኛውን መልሶ ያመጣዋል፤ ፋይል ሜኑ ውስጥ አውቶ ሴቭን (ፋይሉን በራሱ ሴቭ የሚያደርገውን) አንዴ ካበራችሁማ ሐሳባችሁን ጣሉት።

ለማስታወሻና ለአጭር ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ኖትፓድ ይበቃል። አማርኛ ስትጽፉ ብቻ ሴቭ ስታደርጉ ኢንኮዲንጉ (ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበት ዘዴ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን እዩ፤ አለዚያ ፊደሉ በሙሉ ጥያቄ ምልክት ይሆናል። ብዙ ፋይል ያለው ፕሮጀክት ለያዘና ራሙ 8 ጊጋ ለሆነለት ቪኤስ ኮድ ይሻላል።