ሞተሩ አሪፍ ነው፣ የገደለኝ ወረቀቱ ነው፦ የዱባይ 5ኬ በዲኤክስ ላይ ከ8 ወር በኋላ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ከሦስት ሳምንት በፊት ብጽፍ ኖሮ ሙገሳ ብቻ ነበር የምታነቡት።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት። ኬኢ70 ኮሮላ፣ ከአባዬ የወረስኳት። የራሷ ሞተር 4ኬ ነው፤ 1,290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር፣ ካንዴላ መፍታት የተማርኩበት። አምና ክረምት ላይ ዘይት መብላት ጀመረች። በ600 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር! ጠዋት ሳስነሳት ግቢው በሰማያዊ ጭስ ይታጠናል። የጎረቤታችን እትዬ በአጥር ላይ ብቅ ብለው “ዛሬም ቡና አፈላችሁ እንዴ?” ይሉኛል።

ሜካኒኬ ጋሼ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለኩ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አደረጉና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ አለ። “ሪንግ ነው” አሉ፤ ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች አልቀዋል ማለታቸው ነው። ዘይቱ በሪንጉና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል። ችግሩ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጋርኒሲዮን ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እዚያው በቀረ ነበር። በነገራችን ላይ የጃፓን ማኑዋል ላይ ያለውን የኮምፕሬሽን ቁጥር አዲስ አበባ ላይ አትጠብቁ። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ብሎ ይነበባል። ዋናው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው።

እንግዲህ ወይ ሞተሩን አውርዶ ማሠራት፣ ወይ በሌላ ሞተር መቀየር። ሌላ መኪና መግዛትማ የሚታሰብ አይደለም፤ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አሮጌዋን አቅፎ ነው የሚተኛው።

ጋሼ አውርደን እንሥራው አሉ። “ይቺን መኪና ከአባትህ ጊዜ ጀምሮ የማውቃት እኔ ነኝ። ብሎኳ ተነክቶ አያውቅም፣ ገና ስታንዳርድ ነው።” ብሎክ ማለት ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ዋና አካል ነው፤ የሞተሩ ቁጥርም እሱ ላይ ነው ያለው። የ4ኬ ሲሊንደር 75 ሚሊ ሜትር ነው። ቶርኖ ቤት (የብረት ማሽን ቤት) ሄዶ በግማሽ ሚሊ ይሰፋና 75.5 ፒስተን ይገባለታል። እሱም ሲያልቅ 0.75፣ ከዚያ 1.00 አለ። “ይሄ ብሎክ ገና ሦስት ዕድሜ አለው” አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

ለምን አልሰማሁም? ሥራው ሦስት ሳምንት ይፈጃል ስለተባልኩ። ቶርኖ ቤት ወረፋ፣ ፒስተን ፍለጋ፣ ብሮንዚና ፍለጋ፣ ደህና ሪንግ ፍለጋ። ዋጋው ደግሞ ሲደመር ከዱባይ ሞተር፣ ማለትም ያገለገለ ሆኖ ከውጭ ከሚመጣው፣ በ15 ሺህ ብር ይበልጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሰፈር፣ ወረድኩ። እዚያ የማልረሳው ልጅ አገኘሁ።

“ወንድሜ፣ 4ኬ ምን ያደርግልሃል? 5ኬ ላስገባልህ። ያው ወንድሙ ነው፣ በራሱ ካምቢዮ ላይ ቁጭ ይላል።”

እዚህ ላይ አልዋሸኝም። 5ኬ የዚያው ቤተሰብ ሞተር ነው። ሲሊንደሩ ወደ 80.5 ሚሊ ስለሰፋ 1,486 ሲሲ ሆነ እንጂ ቅርጹ ያው ነው። በሁለት ቀን ገባ። ጋሼ ግን ዞር ዞር ብለው አዩትና ሳቁ፤ “ይሄ ከፎርክሊፍት ወርዶ እንዳይሆን” አሉ። ቶዮታ 5ኬን ፎርክሊፍት ላይም ሲገጥመው ኖሯል። ከምን እንደወረደ እስከዛሬ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር ሞተሩ አስደሰተኝ። ድሮ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያቃሰተች ነበር፤ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ያንባርቅብኛል። አሁን በሦስተኛ ሽቅብ ትላለች። ዘይት አትበላም። ጭስ የለም። እትዬም መጠየቅ አቁመዋል። ሰባት ወር ሙሉ ያገኘሁትን ሁሉ “ምን ያወርዳችኋል፣ ቀይሩ!” እያልኩ ስመክር ነበር። ሰምታችሁኝ ከሆነ ይቅርታ።

ከዚያ የቦሎ ጊዜ ደረሰ።

ምርመራው ላይ አንድ ወጣት ኮፈኑን ከፈተ። የስልኩን መብራት አበራ። ብሎኩ ላይ ያለውን ቅባት በጨርቅ ጠረገው፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሊብሬውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ላቤ መጣ።

“ይሄ 5ኬ ነው።”

“አዎ።”

“ሊብሬው 4ኬ ነው የሚለው። ቁጥሩም ሲሲውም አይገናኝም። የሞተሩን ዲክላራሲዮን ይዘው ይምጡ።”

የምን ዲክላራሲዮን? እኔ ያለኝ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ላይ ደግሞ “ያገለገለ ሞተር፣ ብዛት 1” ይላል፣ አለቀ። ቁጥር የለ፣ ዓይነት የለ። ያ ሞተር ቀረጥ ተከፍሎበት በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ቁጥሩ ሊብሬዬ ላይ አይገባም። ቁጥሩ ካልገባ ቦሎ የለም። ሰውየው ምንም አላጠፋም። የተሰረቀ ሞተርም እኮ እንዲሁ ነው የሚመጣው፤ ምን አውቆ ያሳልፈኛል?

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። “ወንድሜ፣ ሞተሩ የመጣው በኮንቴይነር ነው፤ ወረቀቱ የኮንቴይነሩ ነው፤ ለአንዱ ሞተር ለብቻው ከየት ይመጣል? ደግሞ ስምንት ወር ነድተህ?” እሺ፣ ስትሸጥልኝ ለምን አልነገርከኝም? “አልጠየቅከኝማ!” ይሄ “አልጠየቅከኝም” የሚሉት ነገር እስከዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ማታ ማታ ተኝቼ እከራከረዋለሁ። ስለ ካምቢዮው ጠይቄህ ነበር? ስለ ጉልበቱስ ጠይቄህ ነበር? ሳልጠይቅህ ግማሽ ሰዓት ስታወራ ወረቀቱ ላይ ስትደርስ ምላስህ ታሰረ?

የባሰው ደግሞ ያመጣልኝ መፍትሔ ነው። ቁጥሩን ሞርዶ የ4ኬውን ቁጥር የሚመታ ሰው አውቃለሁ አለኝ። ለ15 ሺህ ብር ብዬ ወንጀለኛ ልሆን! ጥዬው ወጣሁ።

አሁን የገባኝ ጋሼ ሲነግሩኝ ያልገባኝ ነገር ነው። መኪናዋ በሊብሬው ዓይን ሻንሲው እና ብሎኩ ናት። ፒስተን ብትቀይር፣ ሪንግ ብትቀይር፣ ቴስታታው ቢሄድ ቢመጣ ማንም አይጠይቅህም። ብሎኩን ስትቀይር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብሎክህ ከተሰነጠቀ ወይም ሲሊንደሩ ተሰፍቶ ተሰፍቶ ካለቀ መቀየር ግዴታ ነው፣ ምን ይደረጋል። ያኔም ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የሞተሩ ቁጥር በግልጽ የተጻፈበት ዲክላራሲዮን ይኑር፣ ብሎኩ ላይ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየው። የእኔ ብሎክ ግን ደህና ነበር። ዘይት የበላው ሪንግ ነው።

እድለኛ ነኝ፣ አሮጌው 4ኬ አልተሸጠም። ደረጃ ሥር ማዳበሪያ ለብሶ ተቀምጧል። ባለቤቴ ስምንት ወር ሙሉ “ይሄን ብረት አውጣልኝ” ስትል ከርማለች፤ በየካቲት ቆራሌው መጥቶ ዋጋ ሲጠራልኝ በ300 ብር ልዩነት ነው የቀረው። እነዚያ 300 ብሮች እግዚአብሔር የላካቸው ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ በጋሪ ጭነን ጋሼ ጋራዥ አደረስነው። ሲከፍቱት እንዳሉት ነው፣ ሲሊንደሩ ስታንዳርድ፣ አንድም ጊዜ አልተነካም። አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ በጣታቸው ዳሰስ አድርገውት ወደ እኔ ዞሩና ፈገግ አሉ። 75.5 ፒስተን አግኝቻለሁ። ለ5ኬው ብዬ የገዛሁት ፍሪሲዮንና ራዲያተር ወደ አሮጌው ይዞራል። መኪናዋ ቆማለች፣ እኔ በታክሲ ነኝ። ሦስት ሳምንት አሉ፣ አራት ይሆናል።

5ኬው ይሸጣል። ዳገት ይወጣል፣ ዘይት አይበላም። ዲክላራሲዮን የለውም፤ ይኸው ሳትጠይቁኝ ነግሬያችኋለሁ።