የላንጋኖው የልጆች ካምፕ፦ የልጅ ወረቀት የሚያነቡ ሰዎች

ልጆቼን ክረምት ክረምት የምልክበትን የላንጋኖ ካምፕ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለሚጠይቀኝ፣ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። ስሙን አልጠራም፤ የምወቅሰውም ስላለኝ።

ቦታው ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጎ። ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን ይቀበላሉ። ድንኳን ግራር ሥር፣ ዋና፣ የእግር ጉዞ፣ ማታ እሳት ዙሪያ ጨዋታ። የሐይቁ ውሃ ቡናማ ስለሆነ እንዳትደነግጡ፣ ተፈጥሮው ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ምግቡ ደህና ነው፣ አስተባባሪዎቹ ወጣቶችና ታጋሾች ናቸው።

ከሌሎቹ የምለየው ግን በአስተያየት አሰባሰቡ ነው። የእኛ አገር የአስተያየት መስጫ ሳጥን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፣ ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የልጆች ካምፖችም ያው ናቸው። በመጨረሻው ቀን፣ ሻንጣ ተሸክፎ አውቶቡሱ ሞተር ካስነሳ በኋላ ቅጽ ይታደላል። «ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ»። አስተባባሪው አናቱ ላይ ቆሞ እያየው የትኛው ልጅ ነው 2 የሚሰጠው? ይሉኝታ አለ። ደግሞም ትናንት ማታ እሳት ዙሪያ ሲጨፍር ያመሸ ልጅ የማክሰኞውን ያልበሰለ ፓስታ ከየት አምጥቶ ያስታውሰዋል? ሁሉም 5 ሰጥቶ ይሳፈራል። ካምፑም «ተሳታፊዎቻችን እጅግ ረክተዋል» ብሎ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል።

እነዚህም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበሩ። አሁን በየማታው ከእራት በኋላ ቁራጭ ወረቀት ያድላሉ። ስም አይጻፍም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ነገ አንድ ነገር ብንቀይር ምን ይሁን?» ጠዋት ቁርስ ላይ ሰሌዳው ለሁለት ተከፍሎ ይጠብቃቸዋል። በአንድ በኩል ልጆቹ ያሉት፣ በሌላው የተደረገው፣ ካልተደረገም ምክንያቱ። «ስልካችንን መልሱልን» ለሚለው መልሱ «አይሆንም፣ ግን ማታ ማታ ቤት ትደውላላችሁ» ነበር። ልጆች እምቢ መባሉን ይችሉታል። ጽፈው ጽፈው መልስ ሲያጡ ነው መጻፍ የሚተዉት።

የሽንት ቤቱን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሴቶቹ ልጆች ከሰዓት በኋላ ውሃ አይጠጡም ነበር፣ በዚያ ሙቀት! አስተባባሪዎቹ «ጠጡ እንጂ» ይላሉ፣ ልጆቹ እሺ ይሉና ኩባያውን ሳይነኩት ያስቀምጡታል። ነገሩ የወጣው በወረቀቱ ነው። ሽንት ቤቱ ከድንኳኑ ይርቃል፣ መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይጮሃል፤ እናም ማታ ላለመውጣት ብለው ነው ቀኑን ሙሉ የሚጠሙት። ይህን ለወንድ አስተባባሪ ፊት ለፊት የምትናገር የ13 ዓመት ልጅ የት አለች? ወዲያው ከድንኳኖቹ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ የሶላር መብራት ተተከለ፣ ሌሊት የምታጅባቸው ሴት አስተባባሪም ተመደበች። ያን ሰሞን የውሃ ጀሪካኑ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር።

ዋናውም በዚሁ መንገድ ወደ ጠዋት ዞረ፣ ከሰዓት ነፋሱ ማዕበል እያስነሳ ትንንሾቹን ስለሚያስፈራቸው። ምግቡም እንዲሁ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው፣ ከ1 እስከ 15፣ ልጆችም የሚጾሙት ጾም ነው። የምዝገባ ቅጹ ግን «አለርጂ አለ ወይ?» ይላል እንጂ «ትጾማለህ ወይ?» አይልም ነበርና የሚጾሙት ዳቦ በማርማላታ እየበሉ ከረሙ። ከውጭ የተቀዳ ቅጽ መሆኑ ያስታውቃል። አሁን ጥያቄው ገብቷል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ አለ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋም ለየብቻ ይሠራል።

አሁን ወቀሳው። ላንጋኖ የወባ አገር ነው። አጎበሩ መቀደዱን ልጆቹ ማታ ማታ ይጽፋሉ፣ ሰሌዳው «እየታየ ነው» ይላል። እየታየ ነው! ይህን መልስ እኔ የማውቀው ቀበሌ ነው። ከቤት አጎበር ልኬያለሁ፣ የእናንተንም ልጅ ባዶ እጁን አትላኩት።

ሁለተኛ፣ ስም አለመጻፉ ጥሩ ቢሆንም ጣጣ አለው። አንድ ልጅ «ድንኳናችን ውስጥ የሚያስቸግረኝ ልጅ አለ» ብሎ ጻፈ። ማን እንደሆነ አይታወቅ፣ የትኛው ድንኳን እንደሆነ አይታወቅ። ያ ደግሞ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም፣ እነሱ ግን ጻፉት፤ እንግዲህ የጻፈው ልጅ ያን ቁርስ እንዴት እንደበላው አስቡት። እንዲህ ላለው ነገር ለብቻ የሚሰጥ ወረቀት፣ የፈለገ የድንኳኑን ቁጥር የሚጽፍበት፣ እና ቀስ ብላ ሄዳ የምታነጋግር አንዲት ሰው ያስፈልጋል። ነግሬያቸዋለሁ፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብለዋል። እንግዲህ እናያለን።

ሌላም አለ። ከአዳማና ከሻሸመኔ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ የጥያቄው ወረቀት ግን በአማርኛ ብቻ ነው። በኦሮምኛ ቢጨመር ምን ይከብዳል? ደግሞ አንድ ዓመት መጥተው ሁለተኛ ያልተመለሱትን ማንም ደውሎ አይጠይቃቸውም። አስተያየቱ ሁሉ ከወደዱት ልጆች ነው የሚሰበሰበው። የእህቴ ልጅ አንዴ ሄዶ «ሁለተኛ አልሄድም» ብሏል፤ ለምን እንደሆነ ለእኛ እንጂ ለካምፑ የነገረው የለም፣ አልጠየቁትማ።

ሌላ ካምፕ እያሰባችሁ ከሆነ ስትደውሉ ስለ ፈረስና ስለ ጀልባ ከመጠየቃችሁ በፊት «ባለፈው ክረምት ልጆች ብለዋችሁ የቀየራችሁት ነገር ምንድን ነው?» በሏቸው። ቶሎ መልስ ካላገኙ ስልኩን ዝጉት። ይሄኛውን ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን አጎበሩ ሲቀየር እጨምራለሁ።